የቆራሌው ድምፅ 3.2 ጊጋ ነው

ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ማታ ነው። ዘፋኟ ከሥራ ወጥታ ሁለት ታክሲ ቀያይራ አያት ኮንዶሚኒየም ድረስ፣ ቤቴ የምቀዳው ዘፈን ላይ ልትዘፍን፣ መጥታልኛለች፣ ከላይ ያሉት ጎረቤቶች ቲቪያቸውን አጥፍተው እስኪተኙ እስከ አራት ሰዓት ጠብቀናል፣ የእናቴን ሁለት ብርድ ልብስ ግድግዳው ላይ ሰቅያለሁ፣ ፍሪጁን ነቅያለሁ (ድምፁ ማይኩ ውስጥ ይገባል፣ ጠዋት ደሞ እናቴ ስጋው ቀልጦ አግኝታው ጉድ አፍልታለች፣ እሱን ሌላ ቀን)። ብቻ ሁሉም ነገር ተሟልቷል። ልጅቷ ሁለተኛው አዝማች ላይ ስትደርስ ድምጿ ሞቀ፣ እኔ ወንበሩ ሲጥ እንዳይል ትንፋሼን ውጬ ቁጭ ብያለሁ፣ በዚህ መሃል ስክሪኑ ላይ አንድ ሳጥን ብቅ አለና ዲስኩ ሞልቷል አለኝ። ሪከርዱ ቆመ። እሷ ሄድፎኗ ውስጥ ሙዚቃው ሲቋረጥባት መብራት የሄደ መስሏት "ሄደ እንዴ?" አለችኝ። አምፖሉ ቦግ ብሎ በርቷል።

ምን ልበላት። ሪሳይክል ቢኑን ባዶ አረኩ፣ ዳውንሎድ ውስጥ የተከማቹ ፊልሞች አጠፋሁ፣ ስድስት ጊጋ ምናምን ተገኘና ቀጠልን፣ ግን ያ ሙቀት አልተመለሰም። አዝማቹን ሰባት ጊዜ ደጋገመችው፣ ሰባቱም ጥሩ ነው፣ ሰባቱም ያኛውን አይሆንም።

ላፕቶፔ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ነው ያለው። ዊንዶውስ ላይ 238 ነው የሚለው፣ እሱ እንኳን ሌብነት አይደለም፣ ፋብሪካው በ1000 ሲቆጥር ዊንዶውስ በ1024 ስለሚቆጥር ነው። ከዚህ ውስጥ 140ውን የያዘው "ሙዚቃ" የሚለው ፎልደሬ ነው። ስንት ዘፈን አለ ውስጡ? ያለቀ ዘጠኝ። ዘጠኝ ዘፈን! አንድ ሰው ሞባይሉ ላይ ሺህ ዘፈን ይዞ እየዞረ እኔ በዘጠኝ ዘፈን ላፕቶፕ ሞላሁ።

ሰኞ ከቢሮ ስወጣ ለማጽዳት ሰነፍኩና ልግዛ አልኩ። አንድ ሱቅ "2 ቴራ" የሚል ፍላሽ አገኘሁ፣ ዋጋውን ሲነግረኝ እዛው መጠርጠር ነበረብኝ፣ የ64 ጊጋ ፍላሽ ዋጋ ላይ ትንሽ ጨመር ያለ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ስሰካው እውነትም 2 ቴራ ምናምን ይላል። ሌሊቱን ሙሉ ፕሮጀክቶቼን ኮፒ ሲያረግ አደረ። ጠዋት ስከፍተው ፎልደሮቹ አሉ፣ የፋይሎቹ ስም አለ፣ ሳይዛቸው ልክ ነው፣ ግን ብዙዎቹን ስጫወታቸው ወይ አይከፈቱም ወይ ዝም ነው። በኋላ ኤችቱቴስትደብሊው በሚባል ነፃ ፕሮግራም ስፈትሸው (እስኪሞላ ድረስ ራሱ ይጽፍበትና መልሶ ያነበዋል፣ ለማክና ለሊኑክስ ደሞ ኤፍ3 የሚባል አለ) ትክክለኛ ቦታው 32 ጊጋ ብቻ ነው። ውስጡ ያለችው ትንሿ ቺፕ 2 ቴራ ነኝ እንድትል ተደርጋ ተሠርታለች፣ ከ32 በላይ የምትሰጧትን ወይ አሮጌው ላይ ትደርበዋለች ወይ ዝም ብላ ትውጠዋለች፣ ጽፌያለሁ ግን ትላለች። እግዜር ሲጠብቀኝ ከት ሳይሆን ኮፒ ነበር ያረኩት፣ ዋናዎቹ ላፕቶፑ ላይ ነበሩ። ሱቁ ጋ ስመለስ ሰውየው "ወንድሜ እኛም እንደዛ ተብለን ነው ያመጣነው" አለኝ፣ በቃ። እባካችሁ ፍላሽም ሆነ ሃርድ ዲስክ ስትገዙ አንድም ፋይል ሳታስገቡበት በፊት ፈትሹት፣ ለትልቅ ዲስክ ሰዓታት ይፈጃል፣ ይፍጅ።

ስለዚህ ወደ ማጽዳቱ ተመለስኩ። ዊንዲርስታት የሚባለውን ከፈትኩት፣ ዲስኩን በሙሉ በቀለም ሳጥን ያሳያችኋል፣ ትልቅ ፋይል ትልቅ ሳጥን ነው፣ በአንድ እይታ ጉዳችሁን ታያላችሁ። አንድ ሳጥን ከሌሎቹ ሁሉ ገዝፎ መሃል ላይ ተኝቷል። አንድ ዌቭ ፋይል (ሳይጨመቅ የተቀመጠ ድምፅ) ነው፣ 3.2 ጊጋ። የትኛው ዘፈን ነው ብዬ ከፈትኩት። መጀመሪያ ማሲንቆ ለመቅዳት ስሞክር ስስል፣ ከዛ እናቴ ከውጪ "ቡና ቀርቧል" ስትል፣ ከዛ ወንበር ሲገፋ፣ በር ሲዘጋ፣ ከዛ ምንም። ሪከርዱን ሳላቆም ሄጃለሁ። አንድ ሰዓት ከአስር ደቂቃ ሙሉ ባዶ ክፍል ቀድቼ አስቀምጫለሁ። ከላይ ቤት ቡና ሲወቀጥ አለ፣ የሆነ ቦታ ዶሮ ይጮሃል፣ ሃምሳኛው ደቂቃ አካባቢ ደሞ አንድ "ቆራሌው!" የሚል ሰው ከሩቅ እየመጣ እየመጣ በመስኮቱ ስር ያልፋል። እውነቱን ለመናገር ከዛ ቀን ቀረጻ ሁሉ አሪፉ እሱ ነው፣ አስራ ሁለት ሰከንድ ቆርጬ አስቀርቼዋለሁ፣ አንድ ቀን የሆነ መግቢያ ላይ ይገባል።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፣ እኔም አላውቅም ነበር። ዌቭ ለዝምታ ቅናሽ አያደርግም። ኦርኬስትራ ቀዳችሁ ዝምታ ቀዳችሁ በደቂቃ የሚወስደው እኩል ነው፣ ምክንያቱም በየሰከንዱ የተወሰነ ቁጥር ይጽፋል፣ ቁጥሩ ዜሮም ቢሆን ዜሮ ብሎ ይጽፈዋል። ሒሳቡ ቀላል ነው፣ ሳምፕል ሬቱን (በሰከንድ የሚጻፈውን የቁጥር ብዛት) በቢቱ፣ እሱን በቻናሉ ታበዙታላችሁ፣ ለ8 ስታካፍሉት በሰከንድ ስንት ባይት እንደሆነ ይወጣል። እኔ ያኔ ምን ላይ ነበር የምቀዳው? 96 ኪሎኸርዝ፣ 32 ቢት ፍሎት፣ ስቴሪዮ። ለምን? አንድ ዩትዩብ ላይ ያለ ፈረንጅ "ፕሮፌሽናል ከሆናችሁ" ስላለ። ስቴሪዮው ደሞ ምርጫ እንኳን አይደለም፣ ሪፐር (የምቀዳበት ፕሮግራም) ላይ የትራኩን ኢንፑት ሞኖ ማረግ ስለማላውቅ ነው፣ አንድ ማይክ አንድ ቁጥር ላይ ሰክቼ 1 እና 2ን አብሬ እቀዳለሁ፣ ግራው ላይ ክራር፣ ቀኙ ላይ ምንም። ሁለት ዓመት ሙሉ! ዘፋኝ ሲመጣ ግራ ጆሮ ብቻ ሲሰማ የሆነ ፕላጊን ከፍቼ ወደ መሃል አመጣዋለሁ እንጂ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም።

ይሄ በደቂቃ 46 ሜጋ ነው። ያው ክራር በ48 ኪሎኸርዝ፣ በ24 ቢት፣ በሞኖ ቢቀዳ 8.6 ሜጋ ነው። ከአምስት እጥፍ በላይ ልዩነት፣ ጆሮ ግን አይለየውም። የሰው ጆሮ ቢበዛ ቢበዛ እስከ 20 ሺህ ኸርዝ ነው የሚሰማው (እኔ በዚህ እድሜዬ እሱንም የምሰማ አይመስለኝም)፣ 48 ደሞ እስከ 24 ሺህ ይይዛል፣ በቂ ነው። 24 ቢት በሒሳብ በትንሹና በትልቁ ድምፅ መሃል 144 ዴሲቤል ይሰጣችኋል፣ የኔ ክፍል ደሞ ከታች የሚኒባስ ጥሩምባ እየገባበት የዛን ግማሽ እንኳን አይጠቀምም። 32 ቢት ፍሎትም ቢሆን እኛ የምንገዛቸው ርካሽ ኢንተርፌሶች (ማይኩን ከኮምፒውተሩ የሚያገናኙት) ድምፁን ራሱ በ24 ቢት ነው የሚሰጡት፣ የቀረው ባዶ ኪስ ነው። ድምፁን አዘግይታችሁ ወይ በጣም አውርዳችሁ ልትጫወቱበት ካሰባችሁ 96 ጥቅም አለው፣ እሱን አልክድም። ለተራ ሥራ ግን አምስት ደቂቃ ዘፈን፣ 24 ትራክ፣ በ48 እና በ24 ሞኖ አንድ ጊጋ አካባቢ ነው። የኔዎቹ አስራ አምስት አስራ ስድስት ጊጋ ነበሩ።

ልዩነቱ ሁሉ ግን ከሴቲንጉ የመጣ አይደለም። ቴክ ነው፣ አንዱን ቦታ ደጋግማችሁ ስትቀዱ እያንዳንዱ ሙከራ ማለት ነው። አንድ ክራር መግቢያ ላይ 31 ቴክ አግኝቻለሁ። 31ዱንም አስቀምጫለሁ፣ ምናልባት አራተኛው ላይ ያቺ መሃል ላይ ያለችው ነገር ትጠቅም ይሆናል እያልኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለው ለኔ ነው። በካሴት ጊዜ አባቴ አንድ የ60 ደቂቃ ካሴት ነበረችው፣ ላይዋ ላይ እንዳይቀዳባት የተሰበረችውን ቦታ በፕላስተር እየሸፈነ ደጋግሞ ይቀዳባት ነበር፣ አዲስ ነገር ለመቅዳት የግድ የሆነ ነገር መጥፋት አለበት፣ ስለዚህ ቁጭ ብሎ ሰምቶ ይወስናል። እኛ መወሰን ቀርቶ መስማትም ትተናል።

ደሞ ትልቁ ተንኮል፣ ሪፐር ላይ አንድን ቴክ መርጣችሁ ዲሊት ስትሉ ከስክሪኑ ነው የሚጠፋው እንጂ ከዲስኩ አይደለም። ዌቩ ፎልደሩ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ሌላው የመቅጃ ፕሮግራም ኪዩቤዝም እንደዛው ነው፣ ፑል ውስጥ ገብታችሁ የማያስፈልገውን አውጥታችሁ ትራሹን ባዶ እስክታረጉ ድረስ ምንም አይቀነስም። ይሄ የተደረገው ወደ ኋላ መመለስ እንድትችሉ ነው፣ ደግ ነገር ነው፣ ግን እኔ ለዓመታት "አጥፍቼዋለሁ" ያልኩት ሁሉ እዛው ነበር። ፍሪዝ ያረጋችሁት (ኮምፒውተሩ እንዳይከብደው ወደ ድምፅ የቀየራችሁት) ትራክም እንደዛው አዲስ ዌቭ ይፈጥራል። ሰው ግን የሚያጠፋው ባክ የሚሉትን ትንንሽ ፋይሎች (የፕሮጀክቱን የድሮ ቅጂዎች) ነው፣ እነሱ ጽሑፍ ናቸው፣ መቶዎቹ ቢደመሩ አንድ ቴክ አያክሉም፣ ተዉአቸው፣ አንድ ቀን ያድኗችኋል።

ሪፐር ለዚህ ማጽጃ አለው፣ ፋይል ሜኑ ውስጥ "ክሊን ከረንት ፕሮጀክት ዳይሬክተሪ" ይላል። ፕሮጀክቱ የማይጠቀምባቸውን ፋይሎች ይዘረዝርላችኋል፣ መርጣችሁ ታጠፋላችሁ። የመጀመሪያው ዘፈን ላይ ሞከርኩት፣ 9 ጊጋ ለቀቀልኝ። ሁለተኛው 6። ልቤ ሞቀ፣ እንደ ቤት ጽዳት ሱስ ያሲዛል። አራተኛው ላይ የተቀጣሁት ነው።

አራተኛው የባቲ ዘፈን ነው። ክራሩን የተጫወተው ጓደኛዬ ነው፣ ከቀዳን በኋላ በወሩ ዱባይ ሄደ፣ እዛ የሐበሻ ሬስቶራንት ውስጥ ይጫወታል። እኔ ያንን ዘፈን አንድ ፎልደር ውስጥ ሁለት ቦታ ሴቭ አርጌዋለሁ፣ አንዱ እሱ የተጫወተበት ዝግ ያለው፣ ሌላው እኔ ፈጠን አርጌ ያለ ክራር የሞከርኩት። ዌቮቹ ግን ሁሉም አንድ ላይ ናቸው። የከፈትኩት ፈጣኑን ነበር። ክሊን አልኩት፣ ከ200 በላይ ፋይል ዘረዘረ፣ ሁሉንም ምረጥ፣ አጥፋ። ወደ ሪሳይክል ቢን ላክ የምትለዋ ሳጥን ነበረች፣ ለቦታ ቸኩዬ ምልክቷን አንስቻታለሁ። ፕሮግራሙ አልዋሸም፣ የተከፈተው ፕሮጀክት ክራሩን አይጠቀምበትም። ሌላው ፕሮጀክት ይጠቀምበት እንደሆነ ግን አላየም፣ የሚያየው የተከፈተውን ብቻ ነው።

ያወቅኩት ከሁለት ቀን በኋላ ነው፣ ዝግ ያለውን ስከፍተው የክራሩ ትራክ ላይ ያለው ሁሉ ፋይሉ የለም ይላል። እጄ ቀዘቀዘ። ሬኩቫ የሚባለውን አውርጄ ሞከርኩ፣ አንዳንዶቹን ስማቸውን አገኘው፣ ውስጣቸው ዜሮ ነው። ድሮ በሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ጊዜ የጠፋ ፋይል ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ እዛው ስለሚቆይ ተስፋ ነበረ። ኤስኤስዲ ላይ ግን ትሪም የሚባል ነገር አለ፣ ዊንዶውስ "ይሄ ተጠፍቷል" ብሎ ለዲስኩ ይነግረዋል፣ ዲስኩም ለራሱ ምቾት ብሎ ቦታውን ያጸዳዋል። ከጸዳ በኋላ ማንም አይመልሰውም።

የቀረው ቴሌግራም ላይ ለጓደኛዬ ልኬለት የነበረው ኤምፒስሪ ነው፣ 11 ሜጋ፣ ከቤዝና ከከበሮው ጋር ተቀይጦ። ክራሩን ለይቶ እንዲያወጣልኝ በኤአይ የሚሠሩትን መለያዎች ሞከርኩ፣ ዲሙክስ የሚባለውን። ድምፅ፣ ከበሮ፣ ቤዝ እና "ሌላ" ብሎ ነው የሚከፍለው። ክራር "ሌላ" ውስጥ ነው ያለው፣ ከኪቦርዱ ጋር ተቃቅፎ። ለሱ ክራር የሚባል ነገር የለም ማለት ነው።

ለጓደኛዬ ሳልነግረው ሦስት ሳምንት ቆየሁ። አፈርኩ በቃ።

እስከዛ ድረስ የቀረውን አስተካከልኩ። አሁን እያንዳንዱ ዘፈን፣ እያንዳንዱ ሙከራ ሳይቀር የራሱ ፎልደር አለው፣ ሁለተኛ ቨርዥን ስፈልግ "ሴቭ አዝ" ውስጥ ያለችውን ሚዲያውን ሁሉ ኮፒ አርግ የምትለውን እመርጣለሁ፣ ትንሽ ቦታ ትወስዳለች፣ እንቅልፍ ግን ትሰጣለች። ሪከርድ ያረግን ማታ ሰውየው ሳይሄድ አብረን ቁጭ ብለን ቴኮቹን እንሰማለን፣ አንድ ይመረጣል፣ ቢበዛ ሁለት፣ የተቀረው ይሄዳል። ይሄ መጀመሪያ ላይ ያማል፣ ግን ሰውየው እዛው ስላለ ካልጣመን ይደግመዋል፣ ከወር በኋላ ብቻዬን 31 ቴክ ከመስማት ይሻላል። ክሊን የምለው በሳምንቱ ነው፣ ወደ ሪሳይክል ቢን፣ እሱንም ባዶ የማረገው በወሩ።

ያለቁትን ዘፈኖች እያንዳንዱን ትራክ ከዜሮ ሰከንድ ጀምሮ ለየብቻ አውጥቼ ወደ ፍላክ ቀየርኳቸው። ለምን ፕሮጀክቱን እንዳለ አላስቀመጥክም ካላችሁ፣ የድሮ ፕሮጀክት ስትከፍቱ ግማሹ ፕላጊን እንደማይገኝ ታውቃላችሁ፣ በተለይ የኛን አይነት ፕላጊን አገኛኘታችንን ስታውቁት (አልናገርም)። ስቴሙ (ለየብቻ የወጣው ትራክ) ካለ በየትኛውም ፕሮግራም ይከፈታል። ፍላክ ደሞ ድምፁን አንድ ነጥብ ሳይነካ ብዙ ጊዜ ወደ ግማሽ አካባቢ ያወርደዋል፣ ዝምታን ደሞ ወደ ምንም ነው የሚያወርደው፣ ስለዚህ ዘፋኟ የማትዘፍንበት ሁለት ደቂቃ ቦታ መብላቱን አቆመ። አንድ ነገር ብቻ፣ 32 ፍሎት ላይ የቀዳችሁት ከዜሮ ዴሲቤል በላይ የወጣ ቦታ ካለው ፍላክ ይቆርጠዋል፣ ፍሎት አይይዝም፣ መጀመሪያ ድምፁን ዝቅ አርጉት ወይ ፍሎት የሚይዘውን ዌቭፓክ ተጠቀሙ። እኔ በሁለቱ ላይ ሳላውቅ ቆርጫለሁ፣ ከዋናው መልሼ አወጣሁት።

የኦርኬስትራ ሳምፕል ላይብረሪው (ተቀድተው የተዘጋጁ የመሣሪያ ድምፆች) 60 ጊጋ ነበር፣ ከሱ ውስጥ በሕይወቴ የተጠቀምኩት አንድ የቫዮሊን ድምፅ ነው። አጠፋሁት። ምንም አልተሰማኝም።

140 የነበረው 38 ጊጋ ሆነ። ኮፒው ሁለት ኤክስተርናል ላይ አለ (ሁለቱንም ፈትሻቸዋለሁ)፣ አንዱ እህቴ ቤት ነው የሚቀመጠው፣ የምንወዳቸውን ስቴሞች ደሞ ዚፕ አርጌ ቴሌግራም ላይ ለራሴ እልካለሁ፣ አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋ ይቀበላል። የማታ ፓኬጅ ገዝቼ ጭኜ እተኛለሁ።

የማታ ማታ ለጓደኛዬ ደወልኩለትና ነገርኩት። ዝም አለ፣ ከዛ ሳቀ፣ "እኔማ ያን ቀን ሦስተኛዋ ክር ትንሽ ወርዳ ነበር፣ እያፈርኩ ነው የተውኩት" አለኝ። እኔ ሦስት ዓመት ስሰማው አላወቅኩም! የራሱን ክራር እዚህ ትቶ ነው የሄደው፣ እዛ የሚጫወተው ኤሌክትሪኩን ነው፣ ስለዚህ ሻርጃ ካለ አንድ ልጅ ተራ ክራር ተውሶ፣ ልጁ ቤት ባለች ማይክ፣ ከሥራ ወጥቶ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ቀድቶ ላከልኝ። ድምፁ ሌላ ነው፣ ክራሩም ሌላ ነው፣ መግቢያው ላይ ድሮ ያላረጋት አንዲት ነገር ጨምሯል፣ መጨረሻ ላይ ኤሲው ሲነሳ ይሰማል። አንድ ቴክ ብቻ ነው የላከው። 48፣ 24፣ ሞኖ፣ አራት ደቂቃ ከአርባ አምስት፣ 41 ሜጋ። ኤሲውን አልቆረጥኩትም።